አመዳይና የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ

በመራዊና በባሕር ዳር በክረምት የሚወርደውን በረዶ ሁላችን እናውቀዋለን፤ ጣራ ይደበድባል፥ ቡቃያ ያጠፋል፥ ጥቂት ቆይቶም ይቀልጣል። በአልፕስ ተራሮች ግን እንደ ተነደፈ ጥጥ የሚወርደው አመዳይ ወራት ሙሉ ስለሚቈይ፥ ወላጆች ከነልጆቻቸው ስኪ የተባለውን ረጅምና ቀጭን መንሸራተቻ በእግራቸው አስረው የዕረፍት ጊዜያቸውን በደስታ ያሳልፉበታል።

አመዳይ ለአገራችን ታሪክ እንግዳ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለ ነጋዴ ከአዱሊስ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ፥ አንድ የአክሱም ንጉሥ እስከ ጕልበት የሚያሰጥም አመዳይ ወዳለበት ወደ ሰሜን ተራሮች እንደ ዘመተ ይመሰክራል። ያን ጊዜ ግን ነገሩ ለዘማች መከራ እንጂ ጨዋታ አልነበረም።

በ1998 ዓ.ም. በጣልያን አገር፥ በአልፕስ ግርጌ በምትገኘው በቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ፥ የአዲስ አበባው ተወላጅ ሮቤል ተክለማርያም በ15 ኪሎ ሜትር የስኪ ሩጫ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳደረ። አገራችን በዚህ ውድድር ስትካፈል ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሮቤል ስኪን የተማረው በልጅነቱ በአሜሪካ ሲሆን፥ በአዲስ አበባ አመዳይ ስለሌለ መንኰራኵር በተገጠመለት ስኪ በአስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። በቶሪኖ 83ኛ፥ በ2002 ዓ.ም. በቫንኩቨር 93ኛ ወጣ።

ደረጃውን ብቻ ተመልክቶ የሚንቅ ሰው ታሪክን አላስተዋለም። ሁሉ ነገር እስኪሟላ የሚጠብቅ ሥራ አይጀምርም፤ አመዳይ ያጣው ሮቤል ግን በአስፋልት ጀመረ።