ሳሎኑ የማን ነው?

የፈረንሳይ ገጠር ቤት የመሰለ ቅንጡ ቪላ ላሠራ ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ፣ እስቲ መጀመሪያ ከሜክሲኮ ወደ ለገሃር ብቅ በል እለዋለሁ። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀውን ባቡር ጣቢያ ፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» አሉት፤ እኛ ለገሃር አልነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ የሠራው «ካዛ ኢንቺስ»ም ካዛንቺስ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. የሰፈሩ ነባር ቤቶች በብዛት ፈረሱ፤ ስሙ ግን ቀረ።

«ሳሎን»ም የፈረንሳይ ቃል ነው። ቡና አፍልተንበት፣ ለቅሶ ተቀምጠንበት፣ ሽማግሌ ተቀብለንበት የኛ አደረግነው።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ጣሪያህ ሸክላ ይልበስ፣ መስኮትህም የእንጨት መዝጊያ ይኑረው፤ ማን ከለከለህ? ብቻ ንድፉን ከመፈረምህ በፊት ጠይቅ፦ ለቅሶ ደራሽ የት ይቀመጣል? እናትህስ ረከቦቷን የት ትዘረጋለች? ይህን ያልመለሰ ቤት ፎቶግራፍ እንጂ የቤተሰብ ቤት አይደለም።