ፍሊት፣ ዲዲቲ እና የታመመው ሐኪም

ፍሊት የሚለውን ቃል የማያውቅ ከእናንተ መካከል ያለ አይመስለኝም። በእኛ ቤት የበረሮውም፣ የትንኙም፣ የቁንጫውም መድኃኒት፣ የትም ይሠራ የት፣ ስሙ ፍሊት ነው። «ፍሊት ተነፍቷል፣ ትንሽ ቆይታችሁ ግቡ» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ዲዲቲም እንደዚያው፤ ወባ ባለበት አገር ያደጋችሁ፣ የርጭት ሠራተኞች መጥተው ግድግዳውን ሲረጩ ታስታውሱ ይሆናል። ታዲያ በኮምፒውተር ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ ዲበገሮች የሁለቱ ስም ፍሊት እና ዲዲቲ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ቀልዴን አይደለም። ቀልዱ የእነሱ ነው፤ እመጣበታለሁ።

ይህን የምጽፈው አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ባለፈው ሳምንት በላከችልኝ ጥያቄ የተነሳ ነው። የፕሮግራሟን ስህተት ልትፈልግ ዲበገር ከፈተች፤ አንድ ቫሪያብል አሳየኝ ስትለው ዲበገሩ ራሱ ክራሽ አድርጎ ወጣ። ደገመችው፣ ደገመው። «ቲቸር፣ ሐኪሙ ራሱ ሲታመም ማን ያክመዋል?» አለችኝ። በሁለት መስመር ልመልስላት ጀምሬ አልሆነልኝም፤ ነገሩ ታሪክ አለው። (ፕሮግራም ለማትጽፉ ወዳጆቼ፦ ዲበገር ማለት እየሠራ ያለን ፕሮግራም መሃል መንገድ ላይ አስቁሞ ሆድ ዕቃውን የሚያሳይ ሌላ ፕሮግራም ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አንድ ተረት ከመንገዳችን ላናሳ። «ባግ የሚለው ቃል የመጣው ኮምፒውተር ውስጥ ከተገኘች የእሳት እራት ነው» ሲባል ሰምታችኋል። የእሳት እራቷ እውነት ናት፤ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 በሃርቫርድ ማርክ 2 ሪሌይ ውስጥ ተገኘች፣ መዝገቡ ላይም በፕላስተር ተለጠፈች፤ መዝገቡ ዛሬ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ነው ያለው። ቃሉን ግን ቶማስ ኤዲሰን በ1878 በጻፈው ደብዳቤ ለመሣሪያዎቹ እንከን ተጠቅሞበታል። መዝገቡን የጻፉት ሰዎች እኮ የቀለዱት ቃሉ አስቀድሞ ስለነበረ ነው! ይቺን ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ተከራከርኩባት።

የእኛ ታሪክ የሚጀምረው ግን ካምብሪጅ ነው። ኤድሳክ የተባለው ኮምፒውተር በሜይ 1949 ሥራ ጀመረ። መሪው ሞሪስ ዊልክስ ያን ጊዜ አንድ የሒሳብ ፕሮግራም ይጽፍ ነበር፤ 126 መስመር፣ ወደ 20 የሚጠጋ ስህተት። ዊልክስ ኋላ በትዝታው እንደጻፈው፣ በኮምፒውተሩ ክፍል እና ጥብጣብ በሚበሳበት ክፍል መካከል ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ነው፣ ቀሪ ዕድሜው ሰፊው ክፍል የገዛ ፕሮግራሙን ስህተት በመፈለግ እንደሚያልፍ የተገለጠለት። ከዚያ በፊት ሰው ፕሮግራም ከጻፈ በኋላ ይሠራል ብሎ ነበር የሚያስበው።

በ1951 እዚያው ካምብሪጅ የነበረው ስታንሊ ጊል የኤድሳክ ፕሮግራሞችን ስህተት ስለ መመርመር አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሐሳቡ ዛሬም ያስደንቀኛል። ፕሮግራሙን ለማሽኑ ለቀህ ከምትሰጠው፣ ሌላ ፕሮግራም በመሃል ይቁም፤ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ እያነሳ ያስፈጽም፣ የሆነውንም እያተመ ይሂድ። ቀርፋፋ ነው፤ ግን አየህ፣ ታማሚው በገዛ እግሩ አይሄድም፣ ሐኪሙ እጁን ይዞ ነው የሚያራምደው።

ከዚያ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ኤምአይቲ። ቲኤክስ-0 የሚባለው ኮምፒውተር በ1958 ወደ ግቢው ሲመጣ 64 ሺህ ቃል የሚይዘው ሜሞሪው ተወስዶበት 4 ሺህ ያህል ብቻ ቀርቶት ነበር (ቃል ስል 18 ቢት ማለቴ ነው)። ጃክ ዴኒስ እና ቶማስ ስቶክሃም ፍሊትን የጻፉት በዚህ ማሽን ላይ ነው። ፍሌክሶራይተር ከሚባለው የማሽኑ መተየቢያ ላይ ቁጭ ብለህ «እዚህ አድራሻ ምን አለ?» ትለዋለህ፣ ይመልስልሃል፤ ለውጠህ «ቀጥል» ትለዋለህ። የስሙን ፊደላት ሆን ብለው ከፀረ ተባዩ ጋር አገጣጠሟቸው፤ ባግ ማለት ነፍሳት ነውና። በ1961 ዴክ የተባለው ኩባንያ ፒዲፒ-1 ኮምፒውተር ለኤምአይቲ ሲሰጥ የእሱ ዲበገር ደግሞ ዲዲቲ ተባለ። ፍሊት ካልገደለ ዲዲቲ ነዋ።

እዚህ ላይ ነው የተማሪዬ ጥያቄ የሚነሳው። በእነዚያ ማሽኖች ላይ ዲበገሩ እና የሚመረመረው ፕሮግራም የሚኖሩት በአንድ ሜሞሪ ውስጥ ነው፤ አንድ ክፍል፣ መጋረጃ እንኳ የሌለው። ያበደ ፕሮግራም ያገኘው ቦታ ሁሉ ላይ ሲጽፍ ዲበገሩ ላይም ይጽፋል። ዲበገሩ ዝም ቢል ደህና፣ ቢያንስ ይታወቃል። የሚከፋው ግማሹ ተበልቶ ግማሹ ሲሠራ ነው፤ ትጠይቀዋለህ፣ ይመልሳል፣ መልሱ ግን የታማሚው ይሁን የሐኪሙ ቅዠት አታውቅም።

ግድግዳው የመጣው ቀስ ብሎ ነው። በ1975 የወጣው ስድስተኛው ዩኒክስ ፒትሬስ የሚባል የሲስተም ጥሪ ይዞ መጣ። ከእንግዲህ ዲበገሩ ለብቻው፣ ፕሮግራሙም ለብቻው ይኖራል፤ አንዱ የሌላውን ሜሞሪ ማየት ሲፈልግ ከርነሉን ነው የሚለምነው። ታማሚው ቢሞት ከርነሉ ለሐኪሙ መርዶ ይነግረዋል፣ ሐኪሙ ግን ይተርፋል። በ1986 ሪቻርድ ስቶልማን ጂዲቢን የጻፈው በዚህ ዓለም ውስጥ ነው። ሰውዬው ያደገበት የኤምአይቲ ላብራቶሪ ሲስተም ላይ ደግሞ ዲዲቲ ዲበገር ብቻ አልነበረም፤ ገብተህ መጀመሪያ የምታገኘው፣ ትእዛዝ ሁሉ የምትሰጥበት ሼል እሱ ራሱ ነበር።

ግድግዳ ካለ ታዲያ ዲበገር ዛሬ ለምን ክራሽ ያደርጋል? በሩ ሌላ ስለሆነ ነው። ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙን ሲሠራ ለዲበገሩ ማስታወሻ ይጽፍለታል፦ ይህ አድራሻ የዚህ መስመር ነው፣ ይህ ቫሪያብል የዚህ ዓይነት ነው፣ ያ ዓይነት ደግሞ ከእነዚህ የተሠራ ነው። የማስታወሻው አጻጻፍ ድዋርፍ ይባላል (የፋይሉ ዓይነት ኤልፍ ስለሚባል፣ ሁለቱም የተረት ፍጡራን ናቸው፤ እነዚህ ሰዎች ከቀልድ አይመለሱም)። ዲበገሩ ይህን ያነባል፣ ያምናል። ማስታወሻው «ሀ የተሠራው ከለ ነው፣ ለ የተሠራው ከሀ ነው» ቢልስ? ያለ ጥንቃቄ የተጻፈ ዲበገር ሀን ለማወቅ ወደ ለ፣ ለን ለማወቅ ወደ ሀ እያለ ስታኩ እስኪሞላ ይወርዳል። ከዚያ እሱም ይሞታል።

ተማሪዬን የመታት ይኸው ነበር። ዲበገሩን ከምንጭ ኮዱ እንድትሠራው፣ ከዚያም በሌላ ዲበገር ውስጥ እንድታስሮጠው ነገርኳት። የጂዲቢ ሰዎች ይህን ከመልመዳቸው የተነሳ፣ ጂዲቢን በጂዲቢ ስትመረምር የላይኛው መለያ «ቶፕ-ጂዲቢ» ብሎ የሚቀየርበት ፋይል አዘጋጅተዋል፤ ካልሆነ የቱ ሐኪም የቱ ታማሚ እንደሆነ ይምታታል። በ2021 ከወጣው 11ኛው ስሪት ጀምሮ ደግሞ ጂዲቢ ሲሞት የራሱን የስታክ ዝርዝር ለማተም ይሞክራል። የእሷን ዝርዝር ላከችልኝ፦ ሁለት የፈንክሽን ስሞች፣ እየተፈራረቁ፣ ወደ ታች የማያልቁ።

«እንግዲህ ጥፋቱ የኮምፓይለሩ ነው፤ የተበላሸ ማስታወሻ ሰጥቶታል» አለችኝ። እዚህ ላይ አልተስማማንም። ለሌላ ፕሮግራም «የተሰጠኝ ነገር ብልሹ ነበር» ማለት ሰበብ ሊሆን ይችላል። ዲበገር ግን ሥራው ብልሹ ነገር ነው፤ ሰው ወደ እሱ የሚመጣው የሆነ ነገር ሲበላሽበት ብቻ ነው። «ማስታወሻው ዙሪያውን ይሽከረከራል፣ ይህን ዓይነት ላሳይህ አልችልም» ብሎ በሕይወት መቆየት ነበረበት። ጊል ታማሚውን እጁን ይዞ አራመደው፣ ፒትሬስ ግድግዳ ሠራለት፤ የአሁኖቹ ደግሞ የታማሚውን ካርድም ሳይጠራጠሩ ማንበብ የለባቸውም። ተከራከረችኝ፣ ግን ሁለቱንም ጎን ሪፖርት አደረገች።

ማስተካከያው ራሱ ጥቂት መስመር ነው፤ ያየኸውን ዓይነት መዝግብ፣ ተመልሰህ ከመጣህበት ቁም። ጊዜዋን የበላው ፈተናው ነው። ክራሹ ነገ እንዳይመለስ የተበላሸውን ማስታወሻ ሆን ብላ በእጇ መጻፍ ነበረባት፤ ጤነኛ ኮምፓይለር እንዲህ ያለ ነገር አይጽፍላትምና። የድሮው ዲበገር በፈተናው ላይ ሲሞት አየች፣ አዲሱ አማርሮ ሲቀጥል አየች፣ ማክሰኞ ማታ ላከችው። ገምጋሚዎቹ እስካሁን አልመለሱላትም። ሲመልሱ እዚሁ ኮሜንት ላይ እጽፍላችኋለሁ።