ክረምት በታሪካችን



በሐምሌ ማለዳ ጃንጥላችሁን ይዛችሁ ወደ መሥሪያ ቤት ስትወጡ፣ ጭቃው ጫማችሁን ሲያበላሽና የያዛችሁት ወረቀት ሲርስ፣ ክረምቱን ማማረራችሁ አይቀርም። እኔም አማርራለሁ። ነገር ግን ይህ ዝናም ከጫማና ከወረቀት የበለጠ ብዙ ነገር ያስተጓጐለ፣ ነገሥታትንም ሠራዊትንም በአንድ ስፍራ ያስቀመጠ ኀይል ስለ ሆነ፣ ዛሬ ስለ እርሱ ጥቂት ላወጋችሁ አስቤአለሁ።

አስቀድማችሁ ቃሉን ተመልከቱ። ከዐይናችን ርቆ የሰነበተ ወዳጅ ሲመጣ «እንደ ምን ከረምህ?» እንለዋለን። ከረመ ማለት በመሠረቱ ክረምትን በአንድ ስፍራ አሳለፈ ማለት ነው። የዜና መዋዕል ጸሓፊዎችም የንጉሣቸውን ዘመን ሲተርኩ፣ በዚህ ዓመት ንጉሡ በእገሌ አገር ከረመ እያሉ ያልፋሉ። በበጋ ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወረው የንጉሥ ሰፈር፣ ሰኔ ሲገባ ድንኳኑን ተክሎ መቀመጥ ግድ ነበረበት፤ ወንዙ ይሞላል፣ የበቅሎ እግር ከጭቃ አይወጣም፣ ድንኳኑም ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል። ዐፄ ሱስንዮስ በደንቀዝ ይከርሙ ነበር። ልጃቸው ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጐንደርን ሲቈረቍሩ፣ ከብዙ ዘመን ዙረት በኋላ ለመንግሥቱ ቋሚ መክረሚያ ተገኘለት።

ይህን ልማድ የውጭ አገር ሰው በቶሎ አያስተውለውም ነበር። በ1512 ዓ.ም. የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች፣ ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደ ተረከው፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ በዚህ አገር መንገድ እንደማይኬድ ተነግሯቸው ነበር። ቸኳይ እንግዳ እንዲህ ያለውን ነገር ሲሰማ የስንፍና ሰበብ ይመስለዋል። ሃያ ዓመት ያህል ቈይተው የመጡት ሌሎች ፖርቱጋሎች ግን የክረምቱን ነገር በደማቸው ተማሩት። ክሪስቶፎ ዳ ጋማ በ1534 ዓ.ም. ክረምት ከጥቂት መቶ ወታደሮቹ ጋራ በወፍላ ሰፍሮ የዝናሙን ማለፍ ይጠብቅ ነበር። ግራኝ የተባለው ኢማም አሕመድ ግን ያንኑ የዕረፍት ጊዜ ተጠቅሞ ከቱርኮች ነፍጠኛ ረዳት አስመጣና፣ ዐዲስ ዓመት ሳይብት በጳጉሜን ሰፈሩን መታው። ዳ ጋማ ተማርኮ ተገደለ። የተረፉት ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋራ ተባብረው በወይና ደጋ ድል ያደረጉት በበጋ፣ በየካቲት 1535 ዓ.ም. ነው።

እንግሊዞች ደግሞ ከዚህ ይልቅ ጠንቃቆች ነበሩ። መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ ጀኔራል ናፒየር ወደ ባሕር የተጣደፈው ዝናሙ በገደል መካከል እንዳይዘው ፈርቶ ነው፤ ሰኔ ገና ሲጀምር ከዙላ ተሳፍሮ ሄደ። ዳግማዊ ምኒልክ ለዐድዋ ዘመቻ ክተት ያወጁት በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነው። ፋሽስቶችም መረብን የተሻገሩት መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ጠላትም የሰማያችንን ጠባይ አጥንቶ ነበርና።

በዚያው ዓመት ክረምት ግን ሌላ ነገር ታየ። ጠላት አዲስ አበባን ይዞ ሳለ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆነበትና ከተማዪቱ ለእርሱ እንደ ደሴት ሆነች። ደጃዝማች አበራ ካሣና ሌሎችም አርበኞች ይህን አይተው ሐምሌ 21 ቀን ከተማዪቱን ከየአቅጣጫው ለመምታት ተነሡ። ነገር ግን ጭቃው ለእነርሱም ጭቃ ነበር፤ ጦሮቹ በአንድ ጊዜ ደርሰው መምታት አልቻሉም። በማግሥቱ አቡነ ጴጥሮስ በጠላት ጥይት ተገደሉ።

እስከዚህ ያወጋኋችሁ የነገሥታትንና የጦር አለቆችን ክረምት ነው። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ የከረመው ሠራዊት ምን በልቶ ከረመ? ዜና መዋዕሉ «ከረመ» ብሎ በአንድ ቃል ሲያልፍ፣ በዚያች ቃል ውስጥ የስንት ገበሬ ጎተራ እንደ ተራቈተ አይነግረንም። ሐምሌና ነሐሴ ለባላገር ከባዶቹ ወሮች ናቸው። ያለፈው ዓመት እህል ያልቃል፤ የዘንድሮው ገና ቡቃያ ነው። ለዘር ተበድሮ የዘራ ገበሬ፣ ከልጆቹ አፍ ቈጥቦ ያስቀመጣትን ጥቂት እህል፣ በቤቱ ለተመራው ወታደርና ለበቅሎው ያቀርብ ነበር። እንጨቱም ርጥብ ነው፤ ጢሱ ዐይን ያጠፋል። ሚስቱ የምትፈጨውን ፈጭታ፣ ወታደሩ ጐድሏል ብሎ የተቈጣ እንደ ሆነ ለማን ትጮኻለች? ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ገደማ ለሠራዊቱ ቀለብ ዐሥራት እንዲከፈልና ወታደር በገበሬ ቤት መመራቱ እንዲቀር ያዘዙት ይህን መከራ ስላዩ ነው። እንደ እኔ አስተያየት፣ ይህ ትእዛዝ ከብዙ የጦር ድል ጋራ አብሮ ሊጻፍ የሚገባው ነበር።

ቢሆንም ክረምት ደስታ አልነበረውም አትበሉ። ገሣውን ደርቦ ከብት የሚጠብቅ እረኛ ለቡሄ ጅራፉን ይገምዳል፤ ሙልሙሉን ያስባል። በጳጉሜን ዝናም ሲጥል ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ይታጠባሉ፤ ይጨፍራሉ። ጐረቤት በደቦ ተጠራርቶ እየዘፈነ ያርማል። ሰማዩም ሲገለጥ፣ ወታደሩ የነጋሪቱን ድምፅ ሲጠባበቅ፣ ገበሬው ወደ ማሳው ወርዶ የደረሰችውን የመጀመሪያ የገብስ እሸት ይቈርጣል፤ በእሳት ጠብሶም በእጁ እያሸ ለልጆቹ ያካፍላል።