ከአምቦ እስከ ቦስተን፦ የጊዜያዊ ከለላ ታሪክ

በኦሮሚያ የምትገኘውን አምቦን ከቦስተን ፍርድ ቤት ጋር የሚያገናኛት ነገር ያለ አይመስልም። ግን አለ። የአሜሪካ መንግሥት የኢትዮጵያውያንን ጊዜያዊ ከለላ ሲያቋርጥ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ፣ በዲሴምበር 2024 (በአውሮፓ አቆጣጠር፤ የሚከተሉትም እንዲሁ) የኦሮሚያ ክልል ከአንድ የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ክንፍ ጋር የፈረመው ስምምነት ነው። ሌላው የትግራይን ጦርነት ያስቆመው የ2022ቱ ስምምነት ነው። ዋናው የሠራዊቱ አመራር ግን የኦሮሚያውን ስምምነት አልተቀበለም።

ለኢትዮጵያውያን ከለላ መስጠቱና ማቋረጡ አዲስ አይደለም።

በ1977፣ ደርግ ወጣቱን በሚፈጅበት ጊዜ፣ አሜሪካ ለነበሩ ኢትዮጵያውያን ከመባረር የሚያድን ፈቃድ ተሰጠ። ፈቃዱ ሕግ ሳይሆን የአስተዳደር ውሳኔ ነበርና በ1981 የሬገን መንግሥት ሊያቆመው ወሰነ። ውሳኔው ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው፤ በ1982 መንግሥት ከጁን 30 ቀን 1980 በፊት ለገቡት ፈቃዱን መለሰላቸው። በዚያው ዘመን የዋሽንግተን የሆቴልና ምግብ ቤት ሠራተኞች ማኅበር ለኤልሳልቫዶር ተወላጆች ተመሳሳይ ፈቃድ ቢጠይቅም፣ የፌደራሉ ፍርድ ቤት ጉዳዩ የመንግሥት ሥልጣን ነው ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገ። ለኢትዮጵያውያን የጸና መፍትሔ የመጣው ከአሜሪካው ምክር ቤት ነው፤ የ1987ቱ ሕግ ከጁላይ 21 ቀን 1984 በፊት ለገቡት ወደ ቋሚ ነዋሪነት የሚያደርሰውን በር ከፈተ።

አሁን የተቋረጠው «ቲፒኤስ» የሚባለው ጊዜያዊ ከለላ የተደነገገው በ1990 ነው። ለኢትዮጵያ የተሰጠው ግን በዲሴምበር 2022 ነበር፤ በ2024 ተራዘመ። ከለላውን ያገኘ ሰው «ኤ12» የሚል ምድብ የታተመበት የሥራ ፈቃድ ካርድ ይይዛል፤ ቀጣሪ ይህን አይቶ ይቀጥራል። በዲሴምበር 2025 ግን የወቅቱ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትር ክርስቲ ኖም ከለላው እንደሚያበቃ አስታወቁ። ጉዳዩ 5,000 ገደማ ሰዎችን ይነካል።

በጃንዋሪ 2026 «አፍሪካን ኮሚዩኒቲስ ቱጌዘር» የተባለው ድርጅት ከከለላው ተጠቃሚዎች ጋር ሆኖ በቦስተን፣ በማሳቹሴትስ የፌደራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። የ1990ው ሕግ ሚኒስትሩ ከለላን ስለ መስጠትና ስለ ማቋረጥ የሚወስኑትን ፍርድ ቤት እንዳይመረምር ይከለክላል። ስለዚህ የከሳሾቹ ጠበቆች የተከራከሩት በአካሄዱ ላይ ነው፦ የአገሩ ሁኔታ በሐቅ ተጣርቷል ወይ? መንገዱ ቀላል አይደለም። በ2018 የሳን ፍራንሲስኮው ዳኛ ኤድዋርድ ቼን የአራት አገሮችን ከለላ መቋረጥ ቢያግዱም ይግባኝ ሰሚው በ2020 ሻረባቸው፤ ለቬንዙዌላውያን የሰጡትንም እግድ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሜይ 2025 አነሣው።

የ2015ቱ የኦሮሚያ ተቃውሞ በአምቦ አካባቢ ካለችው ግንጪ ሲነሣ ያየ የምዕራብ ሸዋ ሰው፣ ሰላም በፊርማ ብቻ እንደማይመጣ ያውቃል። ዳኛ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ ቋሚ መኖሪያ የሚሰጠው ግን የ1987ቱን የመሰለ ሕግ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩና ድምፅ መስጠት የሚችሉ ወገኖች ለምክር ቤት አባሎቻቸው ይህንኑ ይጠይቁ።