ገላውን ሸፍን፣ ግፉን ግለጥ



ጀናዛ የሚያጥብ ሰው ሁለት አማና አለበት። በመይቱ ገላ ላይ ያየውን ነውር ይሰውራል፤ የሰፈር ወሬ አያደርገውም። የዱላ ወይም የጥይት ምልክት ካየ ግን ዝም ቢል የሟቹን ሐቅ አብሮ ቀበረ ማለት ነው። ላፍቶ ውስጥ ጀናዛ ሳግዝ ከታላላቆቼ የተማርኩት ይህንን ነው። ስለ ሟች የሚጽፍ ጋዜጠኛም ያለበት አማና ከዚህ አይለይም።

አገራችን ሁለቱም አማናዎች ሲፈርሱ አይታለች። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ የተገደሉ ወጣቶች አስከሬን አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ይጣል ነበር፤ «ወንጀላቸውን» የሚናገር ጽሑፍም ይለጠፍባቸው ነበር። እናት ልጇን እያየች እንዳታለቅስ ትከለከላለች። አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦችም ነበሩ። ሬዲዮውም ጋዜጣውም በመንግሥት እጅ ስለነበር የገዳዩን ቃል ብቻ ደገሙ። ገላውን መንገደኛው ሁሉ አየው፤ በየትኛው ፍርድ እንደተገደለ ግን የሚጠይቅ አልነበረም።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ነሐሴ 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ በሕመም ሞቱ ተብሎ ተነገረ። አፅማቸው ከቤተ መንግሥት ወለል ሥር የወጣው በ1984 ዓ.ም. ሲሆን በክብር የተቀበሩት በ1993 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ያው መንግሥት አንዱን ሟች አደባባይ ጣለ፣ ሌላውን ወለል ሥር ደበቀ። እውነቱ ግን በሁለቱም ጊዜ ተደብቋል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሙታንን መስደብ ከልክለዋል። ይሁንና የሐዲስ ሊቃውንት ያለፉ ዘጋቢዎችን ድክመት በየስማቸው መዝግበዋል፤ የኢማም አዝ-ዘሀቢ «ሚዛኑል ኢዕቲዳል» ለዚህ ሥራ የተጻፈ ነው። ዲኑን ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን ያህል መናገር ይገባል፤ ከዚያ ያለፈው ሐሜት ነው።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ለክፍለ ከተማችን ቅርብ በሆነው ቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ያን ጊዜ «ሰዎች ከክምሩ ሥር እንዴት ቤት ሠርተው ኖሩ? ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻ ሲደፋበት የኖረ ቦታ እስኪናድ ለምን ተጠበቀ?» ብሎ መጠየቅ ሟቾቹን ማክበር ነበር። በቀደር ማመን ተጠያቂን መተው አይደለምና። ከፍርስራሹ የወጣን ፊት ማሳየት ግን ለእነዚህ ጥያቄዎች አንድም መልስ አይጨምርም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ያረጋግጣል፤ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊደረግ እንደሚችልም ይናገራል። «ክብር» የሚለው ቃል ለበደለኛ መደበቂያ እንዳይሆን ግን የቀይ ሽብርን ጊዜ ማስታወስ ይበቃል።

ዛሬ ሁላችንም ስልክ ይዘናል፤ ዘጋቢዎች ሆነናል። አደጋ ቦታ ላይ ስልካችንን ከማንሳታችን በፊት እንጠይቅ፦ ይህ ምስል የሚያጋልጠው ማንን ነው? በዳዩን ከሆነ ለሕግና ለታማኝ ጋዜጠኛ ይድረስ። ሟቹን ብቻ ከሆነ ነጠላችንን እናልብሰው።

አላህ ሙታኖቻችንን ይማርልን፤ ምላሳችንንም ጣታችንንም ይጠብቅልን። አሚን።