የማግኘት ዋጋ የሚወሰነው ሲቀመጥ ነው

በካምፓላው ናካሴሮ ኮረብታ፣ ፓርላማ ጎዳና ላይ የኡጋንዳ የመሬት ሚኒስቴር ይገኛል። «ማይሎ» የተባለውን የግል የመሬት ይዞታ ማጣራት የፈለገ ሰው አውራጃውን፣ የብሎኩንና የቦታውን ቁጥር ይዞ ይመጣል። የሊዝ ከሆነ ደግሞ የሚያመራው ወደ ቅጹና ወደ ገጹ ነው። ሥርዓቱ ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1900 የተፈረመው የቡጋንዳ ስምምነት 8,000 ስኩዌር ማይል ለሹማምንትና ለባለርስቶች መደበ። በ1924 ሥራ ላይ የዋለው የይዞታ ምዝገባ ሕግም ሮበርት ቶረንስ በ1858 በደቡብ አውስትራሊያ የጀመረውን አሠራር ተከተለ።

የኮምፒውተር ጠበብትም መዝገብን ፈልጎ ከማግኘት ጥያቄ ጋር ታግለዋል፦ ከሚሊዮን መዝገብ ውስጥ አንዱን በምን ያህል እርምጃ እናገኛለን? ያልተደረደረውን አንድ በአንድ ማየት በአማካይ ግማሽ ሚሊዮን ንጽጽር ይፈጃል። የተደረደረውን መሀሉን እያዩ በግማሽ መቀነስ ግን 20 ንጽጽር ይበቃዋል። ይህን ዘዴ ጆን ሞክሊ በ1946 አስተዋወቀ። ዘዴው ቀላል ቢመስልም በ2006 ጆሹዋ ብሎክ በጃቫ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስሕተት እንዳለበት አሳወቀ፦ ድርድሩ ከቢሊዮን ሲያልፍ መሀሉን ለማግኘት የሚደመሩት የሁለቱ ዳርቻ ቁጥሮች ድምር ከተመደበለት ቦታ በላይ ይሆናል።

ሦስተኛው መንገድ ፍለጋን ትቶ ቦታውን ማስላት ነው። የአይቢኤሙ ሃንስ ፒተር ሉን የሀሽን፣ ማለትም ቦታውን ከቁልፉ የማስላትን፣ ሐሳብ ያቀረበው በ1953 ነው። በዓላትንና አጽዋማትን የሚያሰሉት የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ግን እንዲህ ያለውን ስሌት ከዚያ በፊት ያውቁት ነበር። ዓመተ ዓለሙን ለ19 ያካፍላሉ፣ ከቀሪው አንድ ቀንሰው ወንበሩን ያገኛሉ፣ ከወንበሩም አበቅቴንና መጥቅዕን ያወጣሉ። ለ2016 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7516 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 11 ይቀራል፣ ወንበሩ 10፣ አበቅቴው 20፣ መጥቅዑ 10 ይሆናል። ልዩነቱ አንድ ነው፦ በባሕረ ሐሳብ አንድ ወንበር ላይ የዋሉ ዓመታት አበቅቴያቸው አንድ ነው፤ በሀሽ ግን አንድ ቦታ ላይ የወደቁ ቁልፎች የተለያየ መልስ ስላላቸው መለያየት ግድ ይላል።

መዝገቡ በዲስክ ላይ ሲሆን ዋናው ወጪ ንጽጽር አይደለም፣ ከዲስክ ማምጣት ነው። የቦይንጎቹ ሩዶልፍ ባየርና ኤድዋርድ ማክክራይት በ1970ዎቹ መባቻ ያወጡት ቢ-ትሪ ብዙ ቁልፍ በአንድ ገጽ ላይ እያሰፈረ ጉዞውን ያሳጥራል። ቅጹን አስቀድሞ መርጦ ገጹን መግለጥም የዚያው ሐሳብ ሥራ ነው።

እንግዲህ ምርጫው በአጠቃቀሙ ይወሰናል። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚጠየቅ ድርድር መደርደሩ ራሱ ትርፍ ድካም ነው። ጥቂት ደርዘን ቁጥሮችን በተርታ ማንበብ ብዙ ጊዜ ከሁሉም ይፈጥናል። «ከ100 እስከ 200 ያሉት ቦታዎች» ለሚል ጥያቄ የተደረደረው ይበጃል፣ ሀሽ ግን አይመልሰውም። አንድን ቁልፍ ደጋግሞ ለሚጠይቅ ሀሽ ይሻላል።

በቦታ ቁጥር የተደረደረ መዝገብ «ይህ ሰው ስንት ቦታ አለው?» ሲባል ከዳር እስከ ዳር መገለጥ አለበት። በስም የተሠራ ሁለተኛ ኢንዴክስ መልሱን ያቀርባል፤ በምትኩ እያንዳንዱ የስም ዝውውር በሁለት ቦታ እንዲጻፍ ይጠይቃል። አንዱ ከተዘነጋ መዝገቡ ሁለት ባለቤት ይኖረዋል።