ሰው የሚያውቅ ዓሣ

ልጅ ሆኜ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከአጎቴ ጋር ቆሮሶ ለማጥመድ ስንቀመጥ መጀመሪያ የሚለኝ ነገር ሁሌም አንድ ነበር፦ «ጥላህን ከውሃው ላይ አንሳ!» ዓሣ ጥላዬን አይቶ ምን ሊያደርግ ነው ብዬ እስቅ ነበር። አጠገባችን እየተንጫጩ መንጠቆ የሚወረውሩት ልጆች ግን ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። አጎቴ ቀጭን ክር፣ ትንሽ መንጠቆና ቁራጭ ትል ይዞ ዝም ይላል። ክሩ ነቅነቅ ሲል ቀስ አድርጎ ይስባል። «የዚህ ሰፈር ዓሣ ሰው ያውቃል» ይለኛል።

ካደግሁ በኋላ ነው ይህ ነገር ረጅም ታሪክ እንዳለው የገባኝ።

እ.ኤ.አ. በ1653 እንግሊዛዊው አይዛክ ዋልተን ስለ ዓሣ ማጥመድ የጻፈው መጽሐፍ ለንደን ውስጥ ታተመ። ዋልተን ቸብ የሚባለውን የወንዝ ዓሣ ከዓሦች ሁሉ ፈሪ ያደርገዋል፤ የዘንግ ጥላ ሲያርፍበት ወደ ታች ይሰምጣል፣ ዝም ብሎ የጠበቀ ሰው ግን ተመልሶ ሲወጣ ያገኘዋል። አጎቴ ዋልተንን አላነበበም። ሁለቱም ግን ያው ነገር ገብቷቸዋል።

ጥላ መፍራት ግን አንድ ነገር ነው፤ ዓሣ በአሞራም ይበላል። መንጠቆን ማወቅ ሌላ ነው። ይህን ቤኬማ የተባለ የኔዘርላንድስ ተመራማሪ በኩሬ ፈተነውና እ.ኤ.አ. በ1970 ውጤቱን አሳተመ። አንዴ ተይዞ የተለቀቀ ካርፕ መንጠቆን ለረጅም ጊዜ ይሸሻል። ፓይክ የሚባለው አዳኝ ዓሣ ደግሞ የሚያብረቀርቀውን ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ቶሎ ለየው፤ በሕይወት ያለ ትንሽ ዓሣ ሲቀርብለት ግን እንደገና ይያዛል። ብዙ በተጠመደበት ውሃ ማጥመጃ መቀየር የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ሁሉም ነገር በመማር ብቻ አይደለም። አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ሪጅ በሚባል ትንሽ ሐይቅ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የተያዘ ባስ ሁሉ ምልክት እየተደረገበት ይለቀቅ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሐይቁ ሲፈስስ ከ1,700 በላይ ዓሣ ተገኘ። አንዱ በአንድ ዓመት 16 ጊዜ ተይዟል፤ 200 ያህሉ አንዴም አልተያዙም። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን ወገን ለየብቻ አራቧቸው። በሦስት ትውልድ ውስጥ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እየሰፋ ሄደ። ጠንቃቃነት ከወላጅ ወደ ልጅም ይተላለፋል ማለት ነው።

ስለዚህ ብዙ የተጠመደበት ውሃ ሁሌ ባዶ ላይሆን ይችላል። ደፋሩ ቀድሞ መጥበሻ ላይ ወጥቷል፤ የቀረው የተማረውና ከመጀመሪያውም ያልነካው ነው። እሱን የፈለገ ክሩን ያቀጥናል፣ ማለዳ ይነሣል፣ ይታገሣል። መንጠቆ ዓሣው እሺ እስኪል ይጠብቃል።

መረብ ግን አይጠብቅም። ባለፈው ዓመት ሐዋሳ ተመልሼ መዳፍ የማታክል ቆሮሶ ተደርድራ ስትሸጥ አየሁ። ዓይኑ ጠባብ መረብ ፈሪውንም ደፋሩንም፣ ያልወለደውንም ጭምር ያወጣዋል። ለአጎቴ ስልክ ደውዬ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «ታዲያ ማን ሊማር ነው?» አለኝ።